ቀጣዩ ማሽን የትኛውን ጥያቄ ይመልስ? ስለ ፊውዥን ምርምር ታላላቅ ሙከራዎች ዕቅድ

(በግሽ አባይ ግቢ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለከተማው ነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)

ከመጀመሬ በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባለፈው ሴሚስተር አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ከክፍል ስንወጣ አስቁማኝ፣ “መምህር፣ ሰዎቹ በፊውዥን ኢነርጂ ማውጣት ከቻሉ አሁን ደግሞ ሌላ ትልቅ ማሽን የሚሠሩት ለምንድን ነው?” ብላ ጠየቀችኝ። ዝናብ እየመጣ ስለ ነበር አጭር መልስ ሰጥቻት ተለያየን። መልሴ እሷን ቢያረካትም እኔን አላረካኝም። የዛሬው ንግግር ለእርሷ የሚገባው ረጅሙ መልስ ነው።

ፊውዥን ማለት ሁለት ቀላል የአቶም አስኳሎች ተዋሕደው አንድ ከበድ ያለ አስኳል መሆናቸው ነው፤ ፀሐይም የምታበራው በዚሁ ነው። በምድር ላይ ከሌሎቹ ይልቅ በቀላሉ የሚዋሐዱት ሁለቱ የሃይድሮጅን ዓይነቶች፣ ዲዩቴሪየምና ትሪቲየም ናቸው። ሲዋሐዱ አንድ የሂሊየም አስኳልና አንድ ኒውትሮን ይገኛሉ። ከሚወጣው 17.6 ሜጋ ኤሌክትሮንቮልት ውስጥ 14.1 የሚሆነውን ኒውትሮኑ ይዞት ይሄዳል፤ ለሂሊየሙ የሚቀረው 3.5 ብቻ ነው። ይህን አከፋፈል ያዙልኝ። ማታውን ሙሉ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

ውሕደቱ እንዲፈጠር ነዳጁ እስከ 150 ሚሊዮን ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሞቅ አለበት፤ ይህ ከፀሐይ እምብርት አሥር እጥፍ ይበልጣል። በዚህ ሙቀት ኤሌክትሮኖች ከአስኳሎች ተለያይተው ነዳጁ ፕላዝማ ይሆናል። ፕላዝማን በግድግዳ መያዝ አይቻልም፤ ግድግዳውን ከነካ ይበርዳል፣ ግድግዳውንም ያበላሻል። ሆኖም ቅንጣቶቹ ቻርጅ ስላላቸው መግነጢሳዊ መስክ ይታዘዙለታል። ቶካማክ የሚባለው ማሽን ሥራው ይኸው ነው፤ ልጆች ጣና ላይ ሲዋኙ የሚንሳፈፉበትን የጎማ ከመነዳሪ የመሰለ ክፍት ቀለበት ሠርቶ ፕላዝማው ግድግዳ ሳይነካ በውስጡ እንዲዞር ማድረግ።

እንግሊዛዊው ጆን ላውሰን በ1955 የጉዳዩን ሒሳብ በጥቂት ገጾች ቋጨው። ውጤት የሚወስኑት ሦስት መጠኖች ናቸው፤ የፕላዝማው ሙቀት፣ እፍግታው፣ ሦስተኛው ደግሞ ሙቀቱን ይዞ የሚቆይበት ጊዜ። ሦስቱ ሲባዙ ከተወሰነ ደረጃ ማለፍ አለባቸው። ሙቀቱ ከተገኘ ቆይቷል፤ እፍግታውም እንዲሁ። ሰባ ዓመት ያህል ያስቸገረው ሦስተኛው ነው።

እስካሁን ምን ተገኘ? በእንግሊዝ አገር ከለም በተባለ ስፍራ የነበረው ጄት የተባለ ቶካማክ በ1997 ባገኘው ውጤት 24 ሜጋዋት የማሞቂያ ኃይል ገብቶለት 16 ሜጋዋት የፊውዥን ኃይል ሰጠ። የወጣው ለገባው ሲካፈል ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው፤ ይህን ውድር “የትርፍ ቁጥር” ልበለው። ይኸው ማሽን ከመዘጋቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በ2023 ጥቅምት ላይ፣ ከ0.2 ሚሊግራም ነዳጅ 69 ሜጋጁል አወጣ። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የሚገኘው የሌዘር ተቋም ደግሞ በሌላ ዘዴ፣ ማግኔት ሳይጠቀም፣ ቅንጣት የምታህል የነዳጅ እንክብል በ192 የሌዘር ጨረሮች ጨምቆ በ2022 ታኅሣሥ ወር 2.05 ሜጋጁል አስገብቶ 3.15 ሜጋጁል አገኘ። ተማሪዬ “ኢነርጂ ማውጣት ከቻሉ” ያለችው ይህን ሰምታ ነው።

ቁጥሮቹን ወደ ቤታችን እናምጣቸው። 3.5 ኪሎዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ አስቡ። ጄት ያስመዘገበው 69 ሜጋጁል ምጣዱን አምስት ሰዓት ተኩል ያህል ያስጋግራል። የካሊፎርኒያው 3.15 ሜጋጁል ሩብ ሰዓት ብቻ ያስጋግራል፤ ጥቂት እንጀራ ወጥቶ ያልቃል። ከዚህም በላይ ሌዘሮቹን ለመተኮስ ከኤሌክትሪክ መስመሩ የተወሰደው 300 ሜጋጁል ገደማ ነበር። ይህን የምናገረው ሥራውን ለማሳነስ አይደለም። ሁለቱም የተሠሩት ለኃይል ምንጭነት ሳይሆን ለጥያቄ ነው፤ ጥያቄያቸውንም መልሰዋል። ውሕደቱ እንደ ስሌቱ ይሆናል ወይ? አዎን፣ ይሆናል። ቀጣዩ ጥያቄ ግን ሌላ ነው።

ጄት ውስጥ 16 ሜጋዋት ሲወጣ ከዚያ ላይ ሂሊየሙ ለፕላዝማው የመለሰው አንድ አምስተኛውን፣ ማለትም 3.2 ሜጋዋት ብቻ ነበር፤ ሙቀቱን የያዘለት ከውጭ የሚገባው 24 ሜጋዋት ነው። ከሰል ስታያይዙ በመጀመሪያ እሳቱ የማራገቢያው እንጂ የከሰሉ አይደለም፤ ማራገብ ስታቆሙ ይከስማል። ከተያያዘ በኋላ ግን ባሕርዩ ይለወጣል፤ ራሱን ያሞቃል፣ እናንተም የምትቆጣጠሩበት መንገድ ይለወጣል። ፕላዝማም እንደዚሁ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ሲያሞቅ ጸባዩ ምን ይሆናል የሚለውን በማግኔት በሚሠራ ማሽን እስካሁን ማንም ሞክሮ አላየም። በደቡብ ፈረንሳይ በካዳራሽ የሚሠራው ኢተር የታቀደው ለዚህ ጥያቄ ነው። 50 ሜጋዋት ገብቶለት 500 ሜጋዋት እንዲያወጣ ታስቧል፤ የትርፍ ቁጥሩ አሥር ይሆናል ማለት ነው። ያን ጊዜ ሂሊየሙ የሚመልሰው 100 ሜጋዋት ይሆናል፣ ከውጭ ከሚገባው እጥፍ። ከሰሉ ተያያዘ የምንለው ያን ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ መሐንዲሶች የሆናችሁ ሁሉ መጠየቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ያልተሠራ ማሽን አሥር እጥፍ እንደሚያወጣ በምን ታወቀ?

የዚህ ግቢ ስም የመጣበትን ምንጭ ለማየት ሰከላ የወጣችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሰው ተራምዶ ያልፈዋል። ያው ውኃ በግልገል ዓባይ ወርዶ ጣናን አቋርጦ፣ በየመንገዱ ስንቱን ገባር ተቀብሎ፣ ጉባ ላይ ሲደርስ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን፣ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለውን ግድብ ይሞላል። ምንጩ ዳር ቆሞ ጉባን ማስላት አይቻልም። የውኃ ምህንድስና ባልደረቦቼ ግን ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ችግር በየቀኑ ይገጥማቸዋል። በጣና ተፋሰስ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የፍሰት መለኪያ አላቸው፤ ብዙ ትናንሽ ወንዞች ግን የላቸውም። ያልተለካውን ወንዝ ለመገመት ከተለኩት ይነሣሉ፤ የተፋሰሱን ስፋት፣ ተዳፋቱን፣ ዝናቡን ከፍሰቱ ጋር የሚያያይዝ ቀመር አውጥተው ወደ ሌላው ይሻገራሉ። ቀመሩ ከተፈጥሮ ሕግ በቀጥታ የተገኘ አይደለም፤ ከልምድ የተሰበሰበ ነው።

ፊውዥን ውስጥም የተደረገው ይኸው ነው። በዓለም ዙሪያ ካሉ ትልልቅና ትናንሽ ቶካማኮች የተሰበሰቡ ልኬቶች ተደምረው ሙቀት የመያዣውን ጊዜ ከማሽኑ መጠን፣ ከውስጡ ከሚያልፈው ኤሌክትሪክ፣ ከመግነጢሳዊ መስኩ፣ ከእፍግታውና ከማሞቂያው ኃይል ጋር የሚያያይዝ ቀመር ወጣ። በ1998 ተስማምተው የያዙት ቀመር ዛሬም የዲዛይን መነሻ ነው። ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛው አስደሳች ነው፤ የቀለበቱ ራዲየስ እጥፍ ሲሆን፣ ሌላው ሁሉ ባለበት ቢቆይ፣ የመያዣው ጊዜ አራት እጥፍ ሊሆን ይቃረባል። ሁለተኛው ያበሳጫል። ፕላዝማውን ባሞቃችሁት ቁጥር ሙቀቱን የመያዝ ችሎታው ይቀንሳል፤ የማሞቂያውን ኃይል እጥፍ ብታደርጉት በውስጡ የሚጠራቀመው ኢነርጂ የሚጨምረው ሩብ ያህል ብቻ ነው። ምክንያቱ ፕላዝማው ውስጥ የሚፈጠረው ቱርቡለንስ ነው፤ የክረምት ጎርፍ ድልድይ ሥር ሲያልፍ የምታዩት ዓይነት ሽክርክሪት ሙቀቱን ከመካከል ወደ ዳር እየቀዳ ያወጣዋል።

ስለዚህ ጊዜውን ለማራዘም ማሽኑን ማሳደግ ግድ ሆነ። የጄት ራዲየስ 3 ሜትር ገደማ ነበር፤ የኢተር 6.2 ሜትር ነው። ፕላዝማው 840 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ የመያዣው ጊዜም 3.7 ሴኮንድ ይደርሳል ተብሎ ተሰልቷል። የኢተር ግዝፈት የመጣው ከአንድ የልምድ ቀመር ነው። ቀመሩ ከተሰበሰበበት ወሰን ውጭ ተወስዶ ነው ሥራ ላይ የዋለው። ይህን ሳያውቅ ስለ ዋጋው የሚከራከር ሰው የክርክሩን ሥር አልያዘም።

ታሪኩን በአጭሩ ልለፈው። ሐሳቡ በ1985 ሬገንና ጎርባቾቭ ጄኔቫ ላይ ከተገናኙ በኋላ ተጀመረ፤ የአውሮፓ ኅብረት፣ ቻይና፣ ሕንድ፣ ጃፓን፣ ደቡብ ኮሪያ፣ ሩሲያና አሜሪካ ስምምነቱን የፈረሙት በ2006 ነው። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ፕላዝማ በ2016 ይታያል ተባለ። ቀጥሎ 2025 ተባለ። በ2024 በወጣው አዲስ መርሐ ግብር ደግሞ የምርምር ሥራው የሚጀምረው በ2034፣ ዲዩቴሪየምና ትሪቲየም የሚገባበት ጊዜ 2039 ሆነ። ከምክንያቶቹ አንዱ የቫኩም ዕቃው ክፍሎች ሲገጣጠሙ ልካቸው አለመመጣጠኑ፣ ሌላው በሙቀት መከላከያው የማቀዝቀዣ ቱቦዎች ላይ ስንጥቅ መገኘቱ ነበር። የውስጥ ግድግዳውም ከቤሪሊየም ወደ ተንግስተን እንዲለወጥ ተወሰነ።

እኔ ራሴ ወጣት መምህር ሳለሁ ለተማሪዎቼ “ይህ ማሽን ሲነሣ የምታስተምሩት እናንተ ናችሁ” እላቸው ነበር። ዛሬ ከእነርሱ አንዳንዶቹ ፀጉራቸው ሸብቷል፤ ማሽኑ አልተነሣም። ከመካከላቸው አንዱ በቀደም መንገድ ላይ አግኝቶኝ “መምህር፣ አሁንስ ማን ያስተምረው?” አለኝ። (ሳቅ) የሚያስቅ ብቻ አይደለም። ሰላሳና አርባ ዓመት የሚወስድ ሙከራ ሲታቀድ ጥያቄውን የሚያነሣው ትውልድ መልሱን የሚሰማው ትውልድ አይደለም። ዕቅዱን የሚያውቁት ሰዎች ጡረታ ሲወጡ ዕውቀቱ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል፤ ወረቀት ደግሞ ብየዳ አያስተምርም።

ረጅም ዕቅድ ሌላም አደጋ አለው፤ መንገድ ላይ ሌላ ይቀድመዋል። የኢተር ማግኔቶች ናዮቢየምና ቆርቆሮ ተዋሕደው ከሠሩት ሱፐርኮንዳክተር ነው የተሠሩት፤ የፕላዝማው መካከል ላይ 5.3 ቴስላ ይሰጣሉ። ዲዛይኑ ከጸደቀ በኋላ ከፍ ባለ ሙቀት የሚሠራ፣ እንደ ጥብጣብ የቀጠነ ሌላ ሱፐርኮንዳክተር በብዛት መመረት ጀመረ። በ2021 መስከረም ወር የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋምና ኮመንዌልዝ ፊውዥን ሲስተምስ የተባለ ኩባንያ ከዚህ ጥብጣብ በሠሩት ትልቅ ማግኔት 20 ቴስላ አገኙ። ኩባንያው አሁን የሚሠራው ስፓርክ የተባለ ቶካማክ ራዲየሱ 1.85 ሜትር ብቻ ሲሆን መስኩ 12.2 ቴስላ ነው። ከአንድ ሜትር ኩብ ፕላዝማ ሊገኝ የሚችለው የፊውዥን ኃይል፣ ሌላው ሁሉ ተመሳሳይ ከሆነ፣ በመስኩ አራተኛ ርቢ ያድጋል። 12.2 ለ5.3 ሲካፈል 2.3 ነው፤ 2.3 ለራሱ አራት ጊዜ ሲባዛ 28 ይሆናል። ግዝፈትን በመስክ መተካት ይቻላል የተባለው በዚህ ስሌት ነው።

ታዲያ ኢተር ስሕተት ነበር? አይመስለኝም። ጥብጣቡ እስኪመጣ ቢጠበቅ ኖሮ በ2006 ማንም ሥራ አይጀምርም ነበር፤ የዛሬው ትንሽ ማሽን ዲዛይንም የቆመው ለኢተር ሲባል በተሰበሰበው ልኬትና በተጻፈው ስሌት ላይ ነው። የምተቸው ሌላ ነገር ነው። ትልቁም ትንሹም ማሽን፣ በእንግሊዝ ዌስት በርተን ለ2040 የታሰበው ስቴፕም፣ በቻይና ሄፌይ የሚሠራው ቤስትም ሲነገርላቸው በመጀመሪያ የምንሰማው የትርፍ ቁጥሩን ነው። የትርፍ ቁጥር የሂሊየሙ ጥያቄ ነው። ከኢነርጂው አራት አምስተኛውን ይዞ የሚወጣው ኒውትሮንስ?

ኒውትሮን ቻርጅ የለውም፤ ማግኔት አይዘውም። ፕላዝማውን ጥሎ ግድግዳው ውስጥ ይገባል። እዚያ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ የብረቱን አቶሞች ከቦታቸው ያፈናቅላል፤ በብረቱ ውስጥ ጥቃቅን የሂሊየም አረፋዎችም ይፈጥራል። በኢተር ዕድሜ ሙሉ እያንዳንዱ የግድግዳ አቶም በአማካይ ከሦስት ጊዜ በታች ይፈናቀላል። በኃይል ጣቢያ ግን ብዙ አሥር ጊዜ ይሆናል። እንዲህ ያለ ብረት ከአምስት ዓመት በኋላ ይለጠጣል ወይስ እንደ ሸክላ ይሰበራል? በትክክለኛው ኒውትሮን ተፈትኖ አያውቅም። በስፔን ግራናዳ አጠገብ የሚሠራው ዶንስ የተባለ ተቋም የታሰበው ለዚህ ነው፤ የዲዩቴሪየም ጨረር አፍጥኖ በፈሳሽ ሊቲየም ላይ በመተኮስ ተመሳሳይ ኒውትሮን ያመነጫል። ፕላዝማ የለውም፣ ፎቶግራፉም አያምርም፤ ስለዚህ በጋዜጣ አታዩትም።

ሁለተኛው የነዳጁ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ። ዲዩቴሪየም ከውኃ ይገኛል፤ ጣና ውስጥም ሞልቷል። ትሪቲየም ግን በተፈጥሮ የለም ማለት ይቻላል። የግማሽ ዕድሜው 12.3 ዓመት ስለሆነ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦም በየዓመቱ አምስት ተኩል በመቶ ያህሉ ይጠፋል። ለሲቪል አገልግሎት የሚውለው የዓለም ክምችት በአብዛኛው በከባድ ውኃ ከሚሠሩ የካናዳ ዓይነት የኑክሌር ጣቢያዎች የሚገኝ ሲሆን፣ በጥቂት አሥር ኪሎግራም የሚቈጠር ነው። 1,000 ሜጋዋት የፊውዥን ኃይል ዓመቱን ሙሉ የሚሰጥ ጣቢያ ደግሞ 56 ኪሎግራም ያህል ያቃጥላል። አንድ ጣቢያ በአንድ ዓመት የዓለምን ክምችት ይጨርሳል ማለት ነው።

ስለዚህ ጣቢያው ነዳጁን ራሱ ማምረት አለበት። መንገዱም ይታወቃል፤ በግድግዳው ዙሪያ ሊቲየም ይደረጋል፣ ኒውትሮኑ ሊቲየም 6 የተባለውን አስኳል ሲመታ ትሪቲየምና ሂሊየም ይወጣሉ። ችግሩ ቆጠራው ላይ ነው። አንድ ትሪቲየም ሲቃጠል የሚወጣው አንድ ኒውትሮን ነው፤ ያ አንድ ኒውትሮን አንድ ትሪቲየም ቢሰጥ ሒሳቡ በትክክል ባዶ ለባዶ ይሆናል። ነገር ግን አንዳንዱ ኒውትሮን ብረት ውስጥ ይቀራል፣ አንዳንዱ በማሞቂያው ቀዳዳ ይወጣል። ጉድለቱን ለመሙላት አንዱን ኒውትሮን ሁለት የሚያደርጉ እርሳስ ወይም ቤሪሊየም ይጨመራሉ። በመጨረሻ ለአንድ የተቃጠለ ትሪቲየም ስንት ተመረተ የሚለው ቁጥር ከአንድ እንዲበልጥ ይፈለጋል። በምን ያህል?

ከተማሪዎቼ ጋር በሰሌዳ ላይ ያሰላነውን ላቅርብላችሁ። ሳይቋረጥ የሚሠራ የ1,000 ሜጋዋት ጣቢያ አስቡ፤ ለመነሻ 8 ኪሎግራም ትሪቲየም ያስፈልገዋል እንበል። ይህ 8 የተሰላበት ሳይሆን ለምሳሌ የወሰድነው ነው። ጣቢያው የራሱን እየተጠቀመ ለሁለተኛ ጣቢያ መነሻ የሚሆን ሌላ 8 ኪሎግራም ለማጠራቀም ስንት ዓመት ይፈጅበታል? ቁጥሩ 1.05 ከሆነ አራት ዓመት አይሞላም። 1.02 ከሆነ ወደ ሃያ ዓመት ይደርሳል። 1.01 ከሆነ ግን ፈጽሞ አይሳካለትም፤ በመጋዘን የሚጠፋው ከሚጠራቀመው ጋር ይስተካከልና ክምችቱ ከአሥር ኪሎግራም በታች ይቆማል። ሦስቱን ዕጣዎች የለያቸው አራት በመቶ ነው። ስለ ኒውትሮን ያለን መረጃና የማሽኑ ዲዛይን ገና ስላልቆረጠ የዛሬው ስሌት ስሕተትም በጥቂት በመቶ የሚቈጠር ነው። ትርፉና ስሕተቱ እኩል ሲሆኑ ነጋዴ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ያስባል።

ይህን ቁጥር በስሌት ብቻ ማወቅ አይቻልም፤ መለካት ያስፈልጋል። እስከ ዛሬ ግን ነዳጁን የሚያመርት ሙሉ የሊቲየም ግድግዳ በየትኛውም የፊውዥን ማሽን ውስጥ ሠርቶ አያውቅም። ኢተርም ቢሆን የሚፈትነው ጥቂት የሙከራ ክፍሎችን ነው፤ ነዳጁን ከውጭ ይገዛል። እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ቀጣዩ ታላቅ ሙከራ ተብሎ ገንዘብ ሊመደብለት የሚገባው የትርፍ ቁጥርን የሚያሳድግ ማሽን ሳይሆን፣ ኒውትሮንን ለረጅም ጊዜ ሳያቋርጥ የሚሰጥና ግድግዳውን የሚፈትን ማሽን ነው፤ የትርፍ ቁጥሩ ከአንድ ቢያንስም ግድ የለም። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ የግድግዳ ባለሙያዎች ለዓመታት ተናግረውታል። የሚቃወሙትም ክብደት ያለው ምክንያት አላቸው፤ ፕላዝማው ራሱን ሲያሞቅ እንደሚረጋጋ ሳይታወቅ ስለ ግድግዳው መጨነቅ ጣራ ሳይሠሩ መጋረጃ እንደ መስቀል ነው ይላሉ። እኔ ግን ሁለቱ ጎን ለጎን ካልሄዱ በ2039 ከሰሉ ተያያዘ ብለን ስንደሰት፣ ከሰሉ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ በሌላ ሃያ ዓመት ያስጠብቀናል ብዬ እሰጋለሁ።

ሊቲየሙም ቢሆን እንዲሁ አይገኝም። ከተፈጥሮ ሊቲየም ውስጥ ሊቲየም 6 የሚሆነው 7.5 በመቶ ብቻ ስለሆነ ብዙዎቹ ዲዛይኖች ማበልጸግ ይፈልጋሉ። በ1950ዎቹ አሜሪካ በኦክ ሪጅ ያበለጸገችው በሜርኩሪ ነበር፤ ሜርኩሪውም አካባቢውን በክሎታል። እኛም ሊቲየም አለን፤ በጉጂ የሚገኘው ቀንጢቻ በታንታለም ቢታወቅም ድንጋዩ ሊቲየም አለበት። ዛሬ የሚፈለገው ለባትሪ ነው። ሊቲየምን ያለ ሜርኩሪ መለየት ግን የኬሚስትሪ ጥያቄ ነው፤ ለዚህ ቶካማክ አያስፈልግም።

ይህን ስል አንዳንዶቻችሁ የምታስቡትን ከፊታችሁ አነባለሁ። ግድብ አለን፣ ፀሐይ አለን፣ ነፋስ አለን፤ ፊውዥን ምን ይሠራልናል? እውነቱን ለመናገር፣ በእኔ ዕድሜ ፊውዥን በዚህ አገር አንድ አምፖል አያበራም። በ1964 ጢስ ዓባይ ላይ ሥራ የጀመረው ጣቢያ 11.4 ሜጋዋት ነበር፤ ያን ያህል እንኳ ከፊውዥን ወደ መስመር ያስገባ አገር የለም። ለመብራት ብላችሁ ወደዚህ መስክ አትግቡ።

ይሁን እንጂ ፕላዝማ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የምድር የመግነጢስ ወገብ በአገራችን ላይ ያልፋል፤ ከባሕር ዳር በላይ የመስኩ መስመሮች ከአድማስ ጋር ትይዩ ሊሆኑ ይቃረባሉ። ጀምበር ስትጠልቅ ከጣና በላይ በመቶዎች ኪሎሜትር ከፍታ ያለው የአዮኖስፌር ፕላዝማ ወደ ላይ ይነሣል፤ ከበድ ያለው ክፍል ከሳሳው በላይ ይሆናል። ዘይት ላይ ውኃ እንደ ማፍሰስ ነው፤ ሚዛኑ ይፈርሳል፣ የሳሳው እንደ አረፋ ወደ ላይ ይወጣል፣ የጂፒኤስ ምልክትም ይታወካል። ይህ አለመረጋጋት ሬይሊ-ቴይለር ይባላል። በካሊፎርኒያ እንክብሏ ስትጨመቅ ቅርጿን የሚያበላሸው ጠላት እርሱ ራሱ ነው። የሚጻፈው እኩልታ ቤተሰቡ አንድ ነው። በዩኒቨርሲቲያችን የዋሸራ ጂኦስፔስና ራዳር ሳይንስ ምርምር ላቦራቶሪ ባልደረቦቻችን ይህን ክስተት ሲያጠኑ ቆይተዋል። አንድ ተማሪ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ፊውዥን ቢሻገር የሚለወጥበት የቁጥሮቹ መጠን ነው፤ አስተሳሰቡን ይዞት ይሄዳል።

የላቦራቶሪ ነገርም እንደሚወራው ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። በ1980ዎቹ በማሌዢያ የተጀመረ ሥልጠና 3 ኪሎጁል የምታጠራቅም ትንሽ የፕላዝማ ማሽን ለታዳጊ አገሮች አስፋፍቶ ነበር፤ በአንድ ክፍል ውስጥ የምትቀመጥ፣ ዲዩቴሪየም ሲገባባት እውነተኛ የፊውዥን ኒውትሮን የምትሰጥ ናት። በጣልያን ትሪየስቴ ያለው ዓለም አቀፍ የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከልም የፕላዝማ ፊዚክስ ትምህርት ለታዳጊ አገር ወጣቶች ይሰጣል፤ ማመልከት ነው። እስከዚያው በስሌት ብዙ ይሠራል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተማሪዬ ሌሊቱን ሙሉ የሮጠ ስሌት ንጋት ላይ መብራት ጠፍቶ ሙሉ በሙሉ ወደመበት። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙ ውጤቱን በየአሥር ደቂቃው እንዲመዘግብ አደረገ፤ በኋላ እንዳየነው ትልልቅ የፕላዝማ ፕሮግራሞችም የሚሠሩት እንደዚሁ ነው። መብራት ቢጠፋም ባይጠፋም።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ ከመሄዳችን በፊት ለተማሪዎች የምተውላችሁ ሥራ አለ። ያን የትሪቲየም ሒሳብ እንደገና ሥሩልኝ፤ ነገር ግን ጣቢያው ዓመቱን ሙሉ ይሠራል ያልሁትን ሰርዙት። በዓመት ሦስት ወር ለጥገና ቢዘጋ፣ ምርቱ ሲቆም መጥፋቱ ግን ባይቆም፣ 1.02 ላይ የነበረው ሃያ ዓመት ምን ይሆናል? ቀድማ ያመጣች ወይም ያመጣ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ክፍል ውስጥ ሰሌዳው የእርሷ ወይም የእርሱ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ከኋላ በኩል ይመስለኛል፤ እጅዎን ያነሡት አባት፣ ይቀጥሉ።